የትንሿን ትራክተር የፊት አክስል ቤት ውስጥ ፈትቼ ላስፋው ወይ? ከነምላሾቹ

የመጀመሪያው ጽሑፍ

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። አንዲት ትንሽ ትራክተር አለችኝ። አራቱም ጎማ ይጎትታል፤ ፊቷ ላይ ባልዲ ያለው ሎደር ተገጥሞላታል። አሮጌ ናት፤ እኔ እጅ ከገባች ግን ገና ሁለት ዓመቷ ነው። የፊት አክስሏ፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ በሦስት ነገር አስመርሮኛል።

አንደኛ፣ ከግራው ጎማ በስተውስጥ በኩል ዘይት ታንጠባጥባለች። ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት ወለሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ክብ ይጠብቀኛል። ሁለተኛ፣ መሪ ስጠመዝዝ ጎማው ከመታዘዙ በፊት አክስሉ ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላወሳል። ሦስተኛ፣ ባልዲውን ሞልቼ ተዳፋት አቋርጬ ስሄድ ልቤ ቀጥ ትላለች። ባለፈው አንዱ የኋላ ጎማ ብድግ ብሎ ተመልሷል።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። ለዘይቱ ስል መፍታቴ ካልቀረ፣ በዚያው አክስሉን በግራም በቀኝም 10 10 ሳ.ሜ ቀጥዬ ላስፋው። እግሩን ያሰፋ አይወድቅም ብዬ ነው። የብየዳ ማሽን አለኝ፤ እጄም ለብረት እንግዳ አይደለም። የሞከረ ካለ ምን ገጠማችሁ?

ይህን ከለጠፍኩ ወዲህ 34 ምላሽ መጥቷል። ክሩ ረዝሞ አዲስ የሚገባ ሰው እየጠፋበት ስለሆነ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ጽፌዋለሁ። ያበሳጨኝንም አልዘለልኩም።

ምላሽ 1

ትሁት ሰው ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ የጎማዎቹን ቁጥር ጠየቀኝ፤ የጥገና መመሪያዋ እጄ ላይ እንዳለም እንዲሁ። የክፍሎቹ ሥዕል ሳይኖር አንድ ቡሎን እንዳልነካ መከረኝ። ሲፈታ ሁሉም ቀላል ነው፤ ሲመለስ ግን አንዲት ስስ ሮንዴላ (የብረት ቀለበት) የት እንደነበረች ሰው ይረሳል አለ። ዘይቱ ከሦስቱ ችግሮች ቀላሉ ነው ብሎም አጽናናኝ።

ምላሽ 2

ይህ ሰው ስለ መፍታት እንጂ ስለ ማስፋት አላወራም። የፊት አክስሉ መሃሉ ላይ በአንድ ፔርኖ (ወፍራም የብረት ካስማ) ተንጠልጥሎ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ ነገር መሆኑን አስታወሰኝ። ሻንሲውን፣ ማለትም ዋናውን የብረት አካል፣ በክሪክ አንስቼ አንዱን ጎማ ስፈታ ሚዛኑ ይዛባል፤ አክስሉ በሌላኛው በኩል ዘጭ ይላል፤ እጅ እዚያ ካለ አለቀ። ስለዚህ ከጠንካራ እንጨት ሁለት ሽብልቅ ቁረጥ፤ በአክስሉና በሻንሲው መካከል በግራም በቀኝም በመዶሻ ምታቸው አለኝ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ ከሥር የብረት ማቆሚያ አስገባለት። የኋላ ጎማዎቹን በጉማጅ እንጨት ያዝ። ባልዲውን ከተቻለ አውልቀው፤ ካልተቻለ መሬት ላይ አሳርፈው። ባልዲውን ወደ ታች ገፍቶ ፊቷን ብድግ ማድረግ ቢቻልም፣ በዚያ ላይ ተማምኖ ከሥር መግባት እብደት ነው ብሏል።

ያን ማታውኑ ክፍተቱን ለክቼ ሁለት ሽብልቅ ጠረብኩ። መሬት ሲወድቁ እንዳይጠፉኝ ቀይ ቀለም ቀባኋቸው። ለሥራው ቀን ብዬ ደርድሬ አስቀመጥኳቸው።

ምላሽ 3

የራሱን ታሪክ ነገረን። እሱም እንደኔ ያፈስበት ነበር። ኦይል ሲሉን፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ቀለበት፣ ቀየረ፤ አፈሰሰ። ደግሞ ቀየረ፤ ደግሞ አፈሰሰ። በሦስተኛው ጊዜ ነው አንድ ሰው የአክስሉን አየር ማስወጫ አይተሃል ወይ ያለው። አክስሉ ሲሠራ ይሞቃል፤ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል። መውጫው ከተደፈነ አየሩ ደካማውን በር ይፈልጋል፤ ደካማው በር ደግሞ የሲሉ ከንፈር ነው፤ ዘይቱን ይዞ ይወጣል።

ስልኬን አስቀምጬ ሮጥኩ። የእኔዋ ማስወጫ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቆብ ናት፤ በጭቃ ተሸፍና ከቡሎን አትለይም ነበር። ከሥሯ ያለውን ቀዳዳ ነፍሳት በደቃቅ አፈር ጠቅጥቀው ዘግተውታል። በቀጭን ሽቦ ወጋ ወጋ ሳደርገው ፍስስ ብሎ ተነፈሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ታፍና ኖራለች ማለት ነው።

ምላሽ 4 እና 5

4 ዘይት እየጨመርክ ንዳት፤ ጠብታ ትራክተር አይገድልም ብሎ አለፈ። 5 ግን አልማረውም። ዘይት በሚወጣበት በር ውሃም ይገባል፤ ጎማው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሲያድር ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ይዝጋል፤ የምትቆጥበው የሲል ዋጋ ነው፣ የምትከፍለው ግን የሙሉ አክስል ነው ብሎ ወረፈው። ማረጋገጫውን ማናችንም መሞከር እንችላለን፤ የታችኛውን መክፈቻ ቡሎን ላላ አድርጎ የመጀመሪያውን ጠብታ ማየት ነው። የእኔው ነጣ ብሎ ወተት የተቀላቀለበት መሰለ። ውሃ ገብቷል።

ምላሽ 6

ከክሩ ሁሉ የተማርኩበት አንዱ ይህ ነው። የአክስሉን ሆድ ዕቃ ዘርዝሮ አስረዳኝ። ኃይሉ መሃል ካለው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ጥርስ) በግራና በቀኝ ሴምያስ፣ ማለትም በአግድም ዘንግ፣ ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ በሾጣጣ ጥርስ ወደ ታች ይታጠፍና በቆመ ዘንግ ይወርዳል። ከዚያ በሌላ ሾጣጣ ጥርስ እንደገና ታጥፎ ጎማው ጋ ይደርሳል። ጎማው የሚዞረው በዚያ በቆመው ዘንግ ዙሪያ ስለሆነ፣ መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞም ጥርሱ ሳይቆራረጥ ይጎትታል።

ከዚያ ወደ ሐሳቤ መጣ። ቤቱን 10 ሳ.ሜ ስትቀጥል ሴምያሱንም መቀጠልህ ነው አለኝ። ሴምያሱ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፤ ብየዳ ሲነካው ጥንካሬው ይበላሻል፤ ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል። ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀልጦ የተፈሰሰ ብረት ነው። እሱን ለመበየድ ቀድሞ ማሞቅ፣ በኒኬል ዘንግ መሥራት፣ ቀስ አድርጎ ማቀዝቀዝ ይጠይቃል፤ ለዓመታት የጠጣው ዘይት ደግሞ በሙቀት እየተነፈሰ ብየዳውን ወንፊት ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ቢሳካ እንኳ በሁለቱ ጥርሶች መሃል የሚፈቀደው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚ.ሜ ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ቤቱን አንድ ሚሊ ሜትር ቢጎትተው ጥርሶቹ ወይ ይናከሳሉ ወይ ይዘላሉ።

ምላሽ 7

ስድብ ነው። እንደኔ ያለው ሰው ብየዳ ማሽን የገዛ ዕለት ለጎረቤቶቹ ማስጠንቀቂያ ሊነገር ይገባል አለ። የሞላ ባልዲ የፊት አክስሉ ላይ የሚጥለውን ጭነት ሳያውቅ መጋዝ የሚያነሳ ሰው ገዳይ ነው አለ። ሌላም አለ፤ ሌላውን ትቼዋለሁ። ተናድጄ ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ ሁለቴም አጥፍቼዋለሁ።

ምላሽ 8 እና 9

8 ሰውየውን አደብ ግዛ አለው፤ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አይሰደብም። 9 ትንሽ ጠማማ ነበር፤ አፉ ክፉ ነው፣ ነገሩ ግን ልክ ነው አለ። ያኔ ደስ አላለኝም።

ምላሽ 10 እስከ 13

10 ለምን ትበይዳለህ፣ ቸርኬውን ገልብጠህ ግጠመው አለኝ። ሆዱ ወደ ውስጥ የነበረው ወደ ውጭ ይዞርና ጎማው ይሰፋል። አልዋሽም፣ ተደሰትኩ። 11 ወዲያው ደስታዬን ቀማኝ። ጎማው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ እንደ ረጅም ዱላ ይፈለቅቀዋል። በዚያ ላይ የቆመው ዘንግ መስመር መሬት ከሚነካበት ቦታ ጎማው ስለሚርቅ መሪው ይከብዳል፤ ድንጋይ ሲመታ ግፊቱ መሪው ድረስ ይመጣል። አራቱም ጎማ የሚጎትትባቸው ትራክተሮች መመሪያ ብዙ ጊዜ የፊት ጎማን ማስፋት የሚከለክለው ለዚህ ነው አለ።

12 እኔ ገልብጬ አራት ዓመት ነዳሁ፣ ምንም አልሆነም ብሎ ተቆጣ። 13 አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ ሎደር አለህ? የለውም። እዚያ ላይ አበቃ።

ምላሽ 14 እና 15

ከርዕስ መውጣት እዚህ ጀመረ፣ ግን ወደድኩት። 14 የአከርማንን ሕግ አነሳ። ስንዞር የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው የበለጠ መታጠፍ አለበት፤ ይህን የሚያደርገው የመሪ ክንዶቹ ትንሽ ገደድ ብለው መሠራታቸው ነው። የክንዶቹ አንግል የተሰላው ለተወሰነ ስፋት ስለሆነ አክስሉ ሲሰፋ ሁለቱ የፊት ጎማዎች መጣላት ይጀምራሉ። 15 ታሪኩን አረመ። ነገሩን ያሰበው ጌኦርግ ላንከንስፐርገር የሚባል የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ነው፤ ሩዶልፍ አከርማን ለንደን ውስጥ ወኪሉ ሆኖ በ1818 እ.ኤ.አ. ፓተንቱን ስላስመዘገበ ስሙ እሱ ላይ ቀረ። ለሠረገላ የታሰበ ነገር እኔ መጋዘን ድረስ መምጣቱ ገረመኝ።

ምላሽ 16

ሐሳቤን ከሥሩ የነቀለው ይህ ነው። እስካሁን ሁሉም ማስፋት እንዴት ከባድ እንደሆነ ነበር የሚነግረኝ። 16 ግን ቢሳካልህም ምንም አይጠቅምህም አለ።

ትራክተሯ በአራት እግር የቆመች ይመስልሃል፤ የቆመችው በሦስት ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ ሦስተኛው መሃል ያለው ፔርኖ ነው። የፊት አክስሉ በፔርኖው ላይ እንደልቡ ስለሚወዛወዝ ሻንሲውን ከመጋደል አያግደውም። የፊት ጎማዎችህ አንድ ሜትርም ይራራቁ ሦስት፣ ለሻንሲው ያው አንድ ነጥብ ናቸው። የምትወድቀው ከኋላው ጎማ ወደ ፔርኖው በተሰመረው መስመር ላይ ነው።

ከዚያ በቁጥር አሳየኝ። የኋላ ጎማዎቹ መሃል ለመሃል 120 ሳ.ሜ ይራራቁ እንበል። ባልዲው ባዶ ሆኖ የትራክተሯ ክብደት ማዕከል ከኋላ አክስል እስከ ፔርኖው ካለው ርቀት 40 በመቶው ላይ ካረፈ፣ ከመሃሏ እስከ መውደቂያው መስመር 36 ሳ.ሜ አለ። ባልዲው ሞልቶ ማዕከሉ ወደ 60 በመቶ ከተገፋ 24 ብቻ ይቀራል፤ ሦስት ማዕዘኑ ወደ ፊት እየጠበበ ነዋ። የፊት አክስሉን አሰፋህ? 24 ያው 24 ነው። የኋላውን በየጎኑ 10 ሳ.ሜ ካሰፋህ 28 ይሆናል። ከኋላ ክብደት ከሰቀልክ ደግሞ ማዕከሉ ወደ ሰፊው ቦታ ይመለሳል። ባልዲውን ዝቅ አድርጎ መሄድ ከሁሉም ይቀድማል፤ እሱ ምንም አያስወጣም።

ምላሽ 17 እና 18

17 አላመነም፤ ዓይኔ የሚያየው አራት ጎማ ነው አለ። 16 ተመልሶ መጥቶ፣ ይህ 18 መሆኑ ነው፣ ሞክሩት አለ። አንዱን የፊት ጎማ ወፍራም ጉማጅ ላይ አውጡትና ሻንሲው ወደ ጎን ያጋድል እንደሆነ እዩ።

ሞከርኩት። ሜዳ ላይ፣ ባልዲው ባዶ፣ ግራው የፊት ጎማ 15 ሳ.ሜ ጉማጅ ላይ። ውሃ ልኬን ከመቀመጫው ሥር ካለው የሻንሲ ብረት ላይ አግድም አስቀምጫለሁ። አክስሉ ተንጋደደ፤ አረፋዋ ግን ከሁለቱ መስመሮች መሃል ንቅንቅ አላለችም። አሥር ደቂቃ ያህል እዚያው ቁጭ ብዬ አየኋት። አንድ ወር ሙሉ በወረቀት ላይ ሳሰፋው የከረምኩት አክስል ነው።

ምላሽ 19

ተሳዳቢው 7 ተመለሰ፤ በዚህኛው ግን ጨዋ ነበር። 16ን አረመው። አክስሉ እስከ መጨረሻው አይወዛወዝም፤ የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ማቆሚያ ብረቱን ይመታል። ከዚያ በኋላ የፊት ጎማውም ይደግፋል፤ ስፋቱ ምንም ዋጋ የለውም ማለት ትክክል አይደለም። ግን እዚያ ስትደርስ ትራክተሯ መጋደል ጀምራለች፣ ፍጥነት ይዛለች፤ ማቆሚያው ላይ መተማመን ጥሩ አይደለም አለ። 16 ልክ ነህ ብሎ ተቀበለ። እኔም የያዝኩትን ቂም ትንሽ ቀነስኩለት።

ምላሽ 20 እስከ 22

ስለ መቀመጫ ቀበቶ ተጣሉ። አጭሩ ይኸው፦ መከላከያ ቅስቱ (ትራክተር ሲገለበጥ ነጂውን የሚያድነው ብረት) ከቆመ ቀበቶህን እሰር፤ ቅስቱ ከታጠፈ አትሰር፣ ከትራክተሯ ጋር አብረህ ትገለበጣለህና። ሦስቱም በመጨረሻ ይህንኑ ነው ያሉት፤ ለምን እንደተጣሉ አልገባኝም።

ምላሽ 23

የጎማ ቁጥሬን ምላሽ 1 ሥር ጽፌ ነበር፤ እሱን አይቶ ነው የመጣው። የፊት ጎማዎችህ ከልካቸው አልተለቁም ወይ አለኝ። አራቱም ሲጎትቱ የፊቶቹ ከኋላዎቹ በጥቂቱ መቅደም አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 በመቶ። ትልቅ ጎማ ከገባ ይህ ልዩነት ያብጣል፤ ደረቅ መሬት ላይ ፊትና ኋላ ይጓተታሉ፤ ጭንቀቱን የሚሸከሙት እነዚያ ሾጣጣ ጥርሶች ናቸው።

አለካኩን አስተማረኝ። ጎማዎቹ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። የፊቱን ጉተታ አላቅቀህ የኋላው 10 ጊዜ እስኪዞር ንዳ፤ የፊቱ ስንት እንደዞረ ቁጠር። ከዚያ ለስላሳ አፈር ላይ የፊቱን ጉተታ አስገብተህ ድገመው። የእኔው መጀመሪያ 16.3፣ ቀጥሎ 17.4 መጣ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሳካፍለው ልዩነቱ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። የቀድሞው ባለቤት ትልቅ ጎማ አስገብቶባት ኖሯል። እኔ ልለውጣት ስነሳ፣ ለካ ከእኔ በፊት የለወጣት ነበር።

ምላሽ 24 እስከ 26

24 አስፋልት ላይ የፊቱን ጉተታ አላቅቅ አለ። 25 ቁልቁለት ላይ ግን አስገባ አለ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬናቸው የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ኋላው ሲቀልላት አትቆምም። ሁለቱም ልክ ናቸው። 26 ዘይት የትኛው ይሻላል ብሎ የማያልቅ ጦርነት ለኮሰ። አንዳንድ የኩቦታ መመሪያዎች ለፊት አክስል 80ደብልዩ-90 የሚባለውን የጥርስ ዘይትም የአምራቹን የማስተላለፊያ ዘይትም ይፈቅዳሉ። የእናንተን መመሪያ እዩ፤ ሁለቱን አትደባልቁ፤ ከዚህ በላይ አልገባበትም።

ምላሽ 27

ይህ የእኔ ነው፤ ሥራውን ጨርሼ የጻፍኩት። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ወሰደብኝ። ግራውን ጫፍ ስፈታ የሲሉ ከንፈር እንደ ፕላስቲክ ደርቆ በጥፍሬ ስጫነው ተሰነጠቀ። አዲሱን ያስገባሁት በልኩ በተቆረጠ የፕላስቲክ ቱቦ ዙሪያውን ቀስ በቀስ እየመታሁ ነው፤ ከንፈሩን ግራሶ ቀብቼ። ስስ ሮንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ሽቦ ላይ ሰክቼ አቆየኋቸው። 1 ያለኝን አልረሳሁም።

መላወሱ ከፔርኖው ነበር። ሳወጣው በአንድ በኩል ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ተበልቷል፤ የተቀመጠበት ቀዳዳም እንቁላል መስሏል። በእኔዋ ላይ ቦኮላ (በቀዳዳው ውስጥ የሚገባ መከላከያ ቀለበት) አልነበረም፤ ፔርኖው በቀጥታ ብረት ለብረት ነው የሚሠራው፤ ግራሶ መግቢያም የላትም። ፔርኖውን የሚይዘውን ድጋፍ ከሻንሲው ፈትቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ቀዳዳውን አስፍተው የነሐስ ቦኮላ አስገቡበት፣ ለግራሶ ኒፕል በሱለት። ፔርኖውን አዲስ አደረግኩት። ካሰብኩት ለውጥ ሁሉ በተግባር የዋለችው ይህቺ ብቻ ናት።

የፊት ጎማዎቹን በመመሪያው ቁጥር ቀየርኩ፤ የፊቱ ጉተታ ተላቅቆ ያለው ዙር 17.0 መጣ፣ ልዩነቱ ወደ 2 በመቶ ወረደ። የኋላ ጎማዎቹን መመሪያው በሚፈቅደው ሰፊ ቦታ ላይ አሰርኳቸው። ኋላዋ ላይ የክብደት ሳጥን ሰቀልኩ። አውጥቼ ባልዲውን ሞልቼ ሜዳው ላይ አንድ ዙር ነዳኋት። ፊቷ ድንጋይ ሆነ፤ አንዲት ሚሊ ሜትር አትነቃነቅም ብዬ በኩራት ጻፍኩ። ፎቶም ለጠፍኩ።

ምላሽ 28 እስከ 33

28 ቦኮላው ውስጥ የግራሶ ቦይ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አለው። 29 ግራሶው በጫፍ በኩል ንጹሑ እስኪወጣ ድረስ እንድገፋ ነገረኝ። 30 ቡሎኖቹን ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ድጋሚ እንዳጠብቅ አሳሰበ። 31 አሮጌ ባትሪ ልሽጥላችሁ ብሎ ገባ፤ ተባረረ። 32 እና 33 እንኳን ደስ አለህ አሉ።

ምላሽ 34

ከ7 ነው። ፎቶውን አጉልቶ አይቷል። ስለ ቦኮላው ምንም አላለም። በአክስሉና በሻንሲው መሃል ግራና ቀኝ የሚታዩት ሁለት ቀይ እንጨቶች ምን እንደሆኑ ብቻ ጠየቀኝ።

መዶሻ ይዤ ወጣሁ።